«እምቢ» ያለው ቤት፦ በግጭት ቀጠና የፖሊዮ ክትባት ተቃውሞን ለመፍታት የሚረዳ የሥራ መመሪያ

የፖሊዮ ጠብታ ለመስጠት እጅግ ቀላል ከሆኑት ክትባቶች አንዱ ነው። መርፌ የለውም፣ ሐኪም አይጠይቅም፣ ሁለት ጠብታ ልጁ አፍ ውስጥ ማንጠብጠብ ብቻ ነው። ሆኖም ጦርነት ባለበትና መንገድ በራቀው አካባቢ በር የሚዘጋበት እሱ ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ጠብታው ውስጥ የለም። ቤተሰቡ ውሃ ጠይቆ አላገኘም፣ መድኃኒት ጠይቆ አላገኘም፣ ጤና ጣቢያው ከተዘጋ ቆይቷል። ያልጠየቀው ጠብታ ግን በየጊዜው በነጻ ደጁ ድረስ ይመጣለታል። «ለሌላው ሁሉ መንገዱ ተዘግቷል እየተባልን ለዚህ ብቻ የሚከፈተው ለምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ድንቁርና አይደለም። ይህን ጥያቄ መመለስ ያልቻለ ቡድን ስለ ቫይረስ ምንም ያህል ቢያስተምር ደጅ ቆሞ ይቀራል።

መመሪያው ለዘመቻ አስተባባሪዎች፣ ለሱፐርቫይዘሮችና በር ለሚያንኳኩት ክትባት ሰጪዎች ነው። ዓመተ ምሕረቶቹና የወር ስሞቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

እምቢታውን በየዓይነቱ መለየት

በቀን መመዝገቢያው ላይ «እምቢ ያሉ» የሚል አንድ ዓምድ አለ። በዚያ ዓምድ ውስጥ ግን መፍትሔያቸው የተለያየ ቤቶች አብረው ይታጎራሉ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ትምህርት ይዞ መመለስ ጉልበት ማባከን ነው።

አንዳንዱ ቤት ወሳኙ ሰው የሌለበት ነው። እናትየው «አባቱ ሳይፈቅድ አልችልም» ካለች እምቢ አላለችም። እሷን በር ላይ ይዞ መሟገት ከባሏ ወይም ከአማቷ ጋር ማጣላት ነው። አባትየው በስንት ሰዓት እንደሚገባ ጠይቁና በዚያ ሰዓት እሱ የሚያከብረው ሰው ይሂድ።

ሌላው «ልጁ ታሟል፣ ተኝቷል፣ ገና አራስ ነው» የሚል ቤት ነው። ለዚህ መልሱ ሕክምናዊ ነው። ቀላል ትኩሳት፣ ጉንፋን ወይም ተቅማጥ ጠብታውን አይከለክልም። በተወለደ ዕለትም መስጠት ይቻላል፣ ጡት ከመጥባቱ በፊትም ሆነ በኋላ ችግር የለውም። የተኛን ልጅ ቀስቅሱት ብሎ መጨቅጨቅ ግን አያስፈልግም፤ ሰፈሩን ጨርሳችሁ ተመለሱ። በጠና የታመመ ልጅ ካጋጠማችሁ ጠብታውን ተዉትና ሕክምና የሚያገኝበትን መንገድ ፈልጉለት። በማግሥቱ ቢብስበት «ጠብታው ነው» የሚለውን ወሬ የሚመልሰው የለም፤ ወደ ሕክምና ያደረሳችሁት ልጅ ቤተሰብ ደግሞ በቀጣዩ ዙር ራሱ በሩን ይከፍታል።

ከዚያ የተሰላቸውና ቅሬታ ያለው አለ። አንዳንዴ መንደሩ በሙሉ ተማክሮ «መንገዱን ሥሩልን፣ ከዚያ ትከትባላችሁ» ይላል። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ በሩን ለማስከፈት ሲባል የማይፈጸም ቃል መግባት። ያንን ዙር ታልፉበታላችሁ፣ የሚቀጥለው ዙር ግን ከመጀመሪያውም ይብሳል። ጥያቄውን እነሱ ባሉት ቃል ጻፉት፣ ለሚመለከተው አድርሱት፣ መልሱ «አይሆንም» ቢሆንም እንኳ ተመልሳችሁ ንገሯቸው። መልስ ይዞ የሚመለስ ሰው በራሱ ብርቅ በሆነበት ቦታ ይህ ብቻውን ብዙ በር ይከፍታል።

ወሬ የሰማው ቤት የራሱ መልስ ስላለው ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ታጣቂዎች የከለከሉት ቤት ደግሞ እምቢ ያለ ሳይሆን የፈራ ነው። እዚያ ቤት ደጋግሞ መሄድ ቤተሰቡን ለአደጋ ማጋለጥ ነው፤ ጉዳዩ የሚፈታው ከበላይ በድርድር እንጂ በር ላይ አይደለም።

ከሁሉም የሚከፋው ዝምተኛው እምቢታ ነው። የተከተበ ልጅ ጣቱ ላይ በማርከር ምልክት ይደረግበታል፤ እነሱ ግን «ጣቱን ብቻ ቀቡልኝና ሂዱ» ይላሉ፤ የደከመው ወይም የፈራው ክትባት ሰጪም ይቀባና ጠብታውን መሬት ላይ ያንጠባጥባል። ልጁ በወረቀት የተከተበ፣ በአካል ግን ያልተከተበ ይሆናል። በግልጽ እምቢ ያለ ቤት ነገም ይታወቃል፤ ይህኛው ግን ከመዝገብ ይጠፋል። በፓኪስታን ለዓመታት ፕሮግራሙን ካስቸገሩት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ስለዚህ እምቢታን በሐቅ የመዘገበ ቡድን አይወቀስ፣ አይቀጣ። ሱፐርቫይዘሩ «ዜሮ እምቢታ አምጡ» ብሎ ከጮኸ ዜሮ ይመጣለታል፤ የውሸት ዜሮ።

ለእያንዳንዱ እምቢ ያለ ቤት አራት ነገር ብቻ ይመዝገብ፦ ያሉት ቃል እንዳለ፣ በቤቱ ያሉ ከ5 ዓመት በታች ልጆች ቁጥር፣ የሚወስነው ማን እንደሆነ፣ የማንን ምክር እንደሚሰሙ። የአዋቂ ወንዶች ስም፣ ስልክ፣ ብሔር፣ የመጡበት ቦታ አይጻፍ። ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ይታያል።

ከታጣቂው ወገን ጋር መነጋገር

መግባት አለመቻልና አለመቀበል በሪፖርት ላይ ይደባለቃሉ። በአፍጋኒስታን በግንቦት 2018 ታሊባን የቤት ለቤት ክትባትን በሚቆጣጠራቸው አካባቢዎች ሲከለክል ጠብታውን የሚፈልጉ ቤተሰቦችም አብረው ቀሩ። ለእነዚህ ልጆች ትምህርት ሰጪ መላክ ትርጉም የለውም።

የክልከላው ሥር ብዙ ጊዜ የስለላ ጥርጣሬ ነው፤ ጥርጣሬውም ከባዶ አልመጣም። በ2011 በፓኪስታን አቦታባድ ኦሳማ ቢን ላደን ያለበትን ቤት ለማረጋገጥ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ዘመቻ ሽፋን ሆኖ አገልግሏል። በቀጣዩ ዓመት በሰሜን ዋዚሪስታን ያሉ የታጣቂ መሪዎች የፖሊዮ ክትባትን ከለከሉ፣ የድሮን ጥቃት ካልቆመ አንፈቅድም አሉ። «ያ ሐሰት ነው» ብሎ መከራከር አያዋጣም፤ ሆኗልና። የሚያዋጣው አሠራርን ማሳየት ነው። ክትባት ሰጪው ካሜራ ያለው ስልክ አውጥቶ አያነሳ። የጂፒኤስ መከታተያ ሰላም ባለበት ቦታ ያልተጎበኘ መንደርን ለማግኘት ድንቅ መሣሪያ ነው፤ እዚህ ግን ሳይፈቀድ ኪስ ውስጥ ከተገኘ ሰው ያስገድላል። ቤቱ መጎብኘቱን ለማሳየት በር ላይ በጠመኔ የሚጻፈው ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ ቤተሰቦች «ለጥቃት ምልክት ነው» ብለው ከፈሩ አትጻፉ፣ መዝገቡ ይበቃል።

ድርድሩ በአንድ አፍ ይሁን። ጤና ቢሮው አንድ፣ የእርዳታ ድርጅቱ ሌላ፣ ሽማግሌው ሦስተኛ ነገር ከተናገሩ የመጀመሪያው ተጠራጣሪ አዛዥ ሁሉንም ይዘጋል። ተደራዳሪው ሁለቱም ወገን የሚያውቁት የጤና ባለሙያ፣ የሃይማኖት አባት ወይም ገለልተኝነቱ የታወቀ ድርጅት ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ ከሁሉም የማይሆነው ከአንደኛው ወገን የጸጥታ መዋቅር የመጣ ሰው ነው።

የሚጠየቀው ነገር ዝርዝር ይኑረው፦ የትኞቹ ቀናት፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ በየትኛው መንገድ፣ ስንት ቡድን፣ የልጆቹ ዕድሜ፣ ቡድኑን የሚመርጠው ማን እንደሆነ፣ ተቆጣጣሪ ከውጭ መግባት መቻሉ፣ አንድ ነገር ቢፈጠር የሚደወልለት ሰው። ያመለጡትን ልጆች ለመመለስ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ቀን ከመጀመሪያው ስምምነት ውስጥ ይካተት፤ በኋላ ሲጠየቅ «ቃላችሁን አፈረሳችሁ» ይባላል። ብዙ ስምምነት የሚፈርሰው ከላይ ሳይሆን ኬላ ላይ ነው፤ አዛዡ ፈቅዷል፣ ኬላ ጠባቂው ግን አልሰማም። ስለዚህ ክትባቱ ከመጓዙ ከአንድ ቀን በፊት አንድ ሱፐርቫይዘር ባዶ እጁን መንገዱን ይሞክረው።

የማንቀበላቸው ነገሮችም ከመጀመሪያው ይታወቁ። የታጠቀ ሰው ከቡድኑ ጋር ቤት አይገባም። የአንድ ወገን አጃቢም ይዘን አንሄድም፤ አጃቢ ያለው ክትባት ሰጪ በሌላው ወገን ዓይን ከወታደር አይለይም። ሥራ የማይሠሩ ሰዎችን በደመወዝ መዝገብ ላይ ማስፈረም አይፈቀድም። ቤት ለቤት ከተከለከለ ግን ዘመቻውን ከመሰረዝ በመስጊድ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በትምህርት ቤት ወይም በውኃ ነጥብ መስጠትን እንቀበላለን፤ ሽፋኑ ማነሱ አይቀርም፣ በተለይ አራሶችና እናታቸው ከቤት የማትወጣ ልጆች ይቀራሉ፤ ቢሆንም ከምንም ይሻላል።

ለድርድሩ የሚጠቅም ምሳሌ አለ። በኤል ሳልቫዶር በ1985 መንግሥትና አማጺያኑ ለሕፃናት ክትባት ሲሉ ውጊያ አቁመው ነበር። በጋዛ ከመስከረም 2024 ጀምሮ በየአካባቢው ለሰዓታት በቆመ ተኩስ በመጀመሪያው ዙር ብቻ ከ550,000 በላይ ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ተከትበዋል። አዛዥ «እንዲህ ዓይነት ነገር የት ታይቶ ያውቃል?» ሲል የሚጠቀስ ነገር መኖሩ ይረዳል፤ ቀድሞ ያደረገው አለ ማለት እሱ የመጀመሪያው አይሆንም ማለት ነው።

ማን ያንኳኳ?

በአንድ ቡድን ሁለት ሰው፣ ቢያንስ አንዷ ሴት፣ ሁለቱም የዚያው መንደር ሰዎች። ሴት መሆኗ ጌጥ አይደለም፤ እንግዳ ወንድ ከደጅ አያልፍም፣ አራስ ያለችበት ክፍል የምትገባው ሴት ብቻ ናት፣ በጠብታ ያልተነኩት ልጆችም ብዙ ጊዜ እዚያ ክፍል ናቸው። ሴት ብቻዋን መንቀሳቀስ በማትችልበት አካባቢ የቅርብ ዘመዷ አብሯት ይመደብ፣ እሱም ይከፈለው። በሕንድ ኡታር ፕራዴሽ እምቢታን የሰበሩት የሰፈሩ ሴቶች በየቤቱ ልጆቹን በስም እያወቁ ወር ከወር ስለተመላለሱ፣ የታወቁ የእስልምና ትምህርት ተቋማትም ድምፃቸውን ስላሰሙ ነው። የሕንድ የመጨረሻው የተፈጥሮ ፖሊዮ (ከክትባት ያልመጣ) ሕመምተኛ የተመዘገበው በጥር 2011 ነው።

ሥልጠናው ላይ ስለ ቫይረስ የሚነገረውን ግማሽ ሰዓት አድርጉትና የተረፈውን ጊዜ በልምምድ ሙሉት። አንዱ አባት ሆኖ በሩን ይዝጋ፣ ሌላው ያናግረው፣ የቀሩት ይታዘቡ።

ክፍያ በተባለው ቀን ይፈጸም። ይህ የፋይናንስ ክፍል ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ይኖራል። ያልተከፈለው ክትባት ሰጪ ሩቅ ያለውን ጎጆ ሳይሄድ «ተከትቧል» ብሎ ይጽፋል፣ መንደሩም የጎረቤቱን ልጅ ምሬት ይሰማል። በአፍጋኒስታን በየካቲት 2022 በአንድ ቀን ስምንት የፖሊዮ ሠራተኞች በታካርና በኩንዱዝ ተገድለዋል፤ ሰው ነፍሱን አስይዞ የሚሠራው ሥራ ነው። ስጋት ካዩ ማንንም ሳያስፈቅዱ ሥራ ማቆም መብታቸው መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ የቀኑም አበል አይቆረጥ።

በሩ ላይ

ከዘመቻው በፊት በነበረው ቀን የመንደሩ ትልቅ ሰው ወይም የሃይማኖት አባት ይወቅ፤ በመጀመሪያው ጠዋት ሰው እያየ የሚከተበው ልጅ የእሱ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ይሁን። ይህ ሳይሆን የተጀመረ መንደር ላይ ቀኑን ሙሉ ስትገፉ ትውላላችሁ።

ክትባት ሰጪዋ ሰላምታ ሰጥታ የማን ልጅ እንደሆነች ትናገር። ወዲያው «የፖሊዮ ክትባት ልሰጥ ነው» አትበል። ስለ ልጆቹ ጤና ትጠይቅና ትስማ። ልጆች የሚቆጠሩበት መንገድ ወሳኝ ነው፤ «ስንት ልጅ አለሽ?» ተብላ የተጠየቀች እናት የራሷን ብቻ ትናገራለች። እንዲህ ይጠየቅ፦

«እህቴ፣ ትናንት ማታ እዚህ ቤት ያደሩ ትንንሽ ልጆች ስንት ናቸው?»
«ሦስት።»
«የተኛ ወይም ያመመው አለ?»
«ሕፃኑ ተኝቷል፣ የአርባ ቀን ልጅ ነው።»
«ከሦስቱ ውስጥ ነው?»
«አይ፣ እሱን አልቆጠርኩትም።»
«ከሌላ ቦታ ተፈናቅሎ የመጣ ዘመድ፣ ከብት ይዞ የወጣ ልጅስ?»
«ከብት ይዞ የወጣ አንድ አለ፣ እሱንም አልቆጠርኩትም።»

በአራት ጥያቄ ሦስት የነበረው አምስት ይሆናል። ያመለጡት ሁለቱ ቀድሞም በየዙሩ የሚያመልጡት ናቸው።

ከዚያ ብልቃጡን አሳዩ። በብልቃጡ ላይ ያለው የሙቀት ጠቋሚ ክብ ነው፣ መሐሉ ላይ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን አለ። አራት ማዕዘኑ ከክቡ የነጣ እስከሆነ ድረስ ክትባቱ ይሠራል፤ ከክቡ ጋር ከተመሳሰለ ወይም ከጠቆረ ይጣላል። ይህን ለእናትየዋ ማሳየት ሁለት ጥቅም አለው፦ «ያለፈበት መድኃኒት ነው የሚያመጡልን» የሚለውን ጥርጣሬ በዓይኗ ትፈታዋለች፣ ክትባት ሰጪዋም ማየት እንዳትረሳ ያስገድዳታል። ብልቃጡ በብዛት 20 ሰው የሚከትብ ስለሆነ ተከፍቶ ረጅም መንገድ ይጓዛል። የክትባት መያዣውን ክዳን ዝጉ፣ የተከፈተውን ብልቃጥ በስፖንጁ ላይ ባለው ቀዳዳ ሰክታችሁ ከፀሐይ አርቁ፣ እኩለ ቀን ላይ በረዶው ከሟሟ መልሳችሁ ሙሉ። በመርፌ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት አብሮ ካለ ግን ተጠንቀቁ፤ እሱ በረዶ ከሆነ ይበላሻል፣ ስለዚህ የበረዶው ፓኮ ሲነቀነቅ ውስጡ የውሃ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ከማቀዝቀዣው ውጪ ይቆይ።

አወሳሰዱ፦ ልጁን እናቱ ትያዘው፣ ጉንጩ በዝግታ ይጨመቅ፣ ማንጠብጠቢያው አፉን ሳይነካ ሁለት ጠብታ ምላሱ ላይ ይውደቅ። ከተፋው ይደገም። የግራ እጁ ትንሿ ጣት ላይ ጥፍሩንና የጥፍሩን ሥር ቀቡ፣ እስኪደርቅ ያዙት። ቅደም ተከተሉ አይለወጥ፤ ጣቱ የሚቀባው ከተዋጠ በኋላ ብቻ ነው። ማርከሩን ወዲያው ካልከደናችሁት ይደርቅና ከሰዓት በኋላ የቀባችሁት ምልክት በማግሥቱ ይጠፋል፤ ተቆጣጣሪው ሲመጣ የተከተበው ልጅ ያልተከተበ ይመስላል።

በሐኪም የታወቀ የተፈጥሮ የበሽታ መከላከል አቅም ጉድለት ያለበት ልጅ ካለ ጠብታውን አትስጡት፣ ወደ ጤና ባለሙያ ላኩት።

እምቢ ካሉ ሁለት ሦስት ደቂቃ አናግራችሁ፣ አመስግናችሁ ውጡ። በመጀመሪያው ጉብኝት ማሸነፍ አይጠበቅም፤ ከተካረረ የሚቀጥለውንም መግቢያ ይዘጋል። ተመልሶ የሚሄደው ሌላ ሰው ይሁን፣ በተመዘገበው ምክንያት መሠረትም ይመረጥ። ፖሊስ ይዞ መመለስ፣ እስር ወይም እርዳታ ማስቀረትን ማስፈራሪያ ማድረግ የዛሬን አንድ ልጅ ያስከትብ ይሆናል፤ በቀጣዩ ዙር ግን ሰፈሩ በሙሉ ልጆቹን ይደብቃል።

ለጥያቄዎቹ የሚሰጥ መልስ

«ለምን ደጋግማችሁ?» የንጹሕ ውሃ እጥረት፣ ተቅማጥና የምግብ እጥረት ባለበት ቦታ የልጁ አንጀት አንዱን ዶዝ ላይቀበለው ይችላል። እያንዳንዱ ዙር ባለፈው ያልያዘላቸውን ልጆች ያገኛል። ትርፍ ዶዝ ልጁን አይጎዳውም።

«በሽታው የት አለ? ሽባ የሆነ ልጅ አላየንም።» ቫይረሱ ከያዛቸው 200 ልጆች ውስጥ አንዱ ገደማ ነው ሽባ የሚሆነው፤ የቀሩት አብዛኞቹ ምልክት ሳያሳዩ ወይም ቀላል ሕመም ብቻ አሳይተው በሰገራቸው ያሰራጩታል። አንድ ሽባ ልጅ ሲታይ ቫይረሱ በመንደሩ ከተዘዋወረ ቆይቷል። መድኃኒት የለውም፤ ሽባ ከሆኑት ከ5 እስከ 10 በመቶው መተንፈሻቸው ተይዞ ይሞታሉ።

«ልጆቻችንን መካን ሊያደርጉ ነው።» የላቦራቶሪ ወረቀት ብቻውን አይፈታውም። በ2003 በሰሜን ናይጄሪያ ይህን በመሰለ ጥርጣሬ ክትባቱ ሲቋረጥ ብዙ ምርመራ ተደርጓል፤ ክትባቱን ያቆመችው የካኖ ግዛት በ2004 የተመለሰችው ግን ክትባቱ ከኢንዶኔዥያ፣ ሕዝቡ ከሚያምነው ሙስሊም አገር እንዲመጣ ከተደረገ በኋላ ነው። በዚያ መቋረጥ ምክንያት ቫይረሱ ብዙ አገሮችን አዳርሶ በ2005 ኢንዶኔዥያ ራሷ ደርሷል። ስለዚህ «ማን ቢነግራችሁ ታምናላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁና ያንን ሰው አምጡ። በልጅነታቸው ጠብታውን ወስደው ዛሬ ወላጅ የሆኑ የመንደሩ ሰዎች ካሉም ከየትኛውም ፖስተር የተሻሉ ምስክሮች ናቸው።

«ክትባቱ ራሱ ፖሊዮ ያመጣል ይባላል።» ይህን አትካዱ። ጠብታው የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው። በጣም አልፎ አልፎ፣ በ2.7 ሚሊዮን የመጀመሪያ ዶዝ አንድ ጊዜ ገደማ፣ ሽባነት ሊያስከትል ይችላል። ከዚህ ሌላ ብዙ ልጆች ሳይከተቡ በቀሩበት አካባቢ የተዳከመው ቫይረስ ከሰው ሰው ለረጅም ጊዜ ሲዘዋወር ተለውጦ የመጉዳት ኃይሉን መልሶ ያገኛል። እሱንም የሚያቆመው ሁሉም ልጅ ሲከተብ ነው። ለዚሁ ሲባል ከ2021 ጀምሮ ለዓይነት 2 ቫይረስ (ከሦስቱ የፖሊዮ ቫይረስ ዓይነቶች አንዱ) በቀላሉ እንዳይለዋወጥ ተሻሽሎ የተሠራ አዲስ ጠብታ ሥራ ላይ ውሏል። «ፈጽሞ ምንም የለውም» ያለ ክትባት ሰጪ እውነቱ በስልክ ቪዲዮ ሲደርስ ውሸታም ይባላል፣ ከዚያ በኋላ የሚናገረውን የሚሰማው የለም።

«ለምን ፖሊዮ ብቻ?» ትክክለኛ ቅሬታ ነው። መልሱም በተግባር ይሁን፤ ሳሙና፣ የተቅማጥ ማከሚያ ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ) እና ዚንክ፣ ሌሎች ክትባቶች፣ የአንድ ቀን ሕክምና። ቫይታሚን ኤ ከተጨመረ ከ6 እስከ 11 ወር ላሉት 100,000፣ ከ12 እስከ 59 ወር ላሉት 200,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት (IU) ይሰጣል፤ በቅርቡ ከወሰዱ አይደገም። ስጦታው እስከ መጨረሻው መንደር መድረሱን ሳታረጋግጡ አትጀምሩት። ሩቆቹ መንደሮች ላይ ሳሙናው ሲያልቅ «የእኛን ሸጡት» የሚል አዲስ እምቢታ ይወለዳል።

ወሬ ሲነሳ

በሚያዝያ 2019 በፓኪስታን ፔሻዋር ከተማ ልጆች በክትባቱ ራሳቸውን ሳቱ የሚል ወሬ በቪዲዮ ተሰራጭቶ በአንድ ቀን በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ፣ ጤና ኬላም ተቃጠለ። ጉዳት የደረሰበት ልጅ አልተገኘም። ወሬ በሰዓታት ይጓዛል፤ የእናንተም ምላሽ በሰዓታት መለካት አለበት።

አንድ ልጅ ከክትባት በኋላ ታመመ ወይም ሞተ ሲባል መጀመሪያ ባለሙያ ወደ ልጁ ይሂድ፣ ከሚክሮፎን በፊት። ብልቃጡ አይጣል፤ ከነመለያ ቁጥሩ በቅዝቃዜ ተለይቶ ይቀመጥ። መንስኤው ሳይጣራ «ክትባቱ አይደለም» ብሎ መማል ስህተት ነው፤ የሚባለው «ልጁን እያየነው ነው፣ ያገኘነውን በዚህ ቀን መጥተን እንነግራችኋለን» ነው። የሚናገረው አንድ ሰው ይሁን፣ ውጤቱን መጀመሪያ የሚሰማው ቤተሰቡ ይሁን። ወሬውን ለማስተባበል ሲባል ደግሞ ባልሰሙት መንደሮች ጭምር በድምፅ ማጉያ መለፈፍ ወሬውን በነጻ ማከፋፈል ነው።

ጨርሶ መግባት ካልተቻለ

የተዘጋውን አካባቢ ከውጭ ክበቡት። ሰው የግድ ይወጣል፤ ለገበያ፣ ለሕክምና፣ ለውሃ፣ ለስደት። በነዚያ መውጫዎች ላይ ቋሚ ክትባት ሰጪ ቡድን ይቀመጥ፣ ዕድሜውም ከ5 ዓመት በላይ ላሉት ይከፈት። በ2014 ከሰሜን ዋዚሪስታን ሕዝቡ በወታደራዊ ዘመቻ ምክንያት ሲፈናቀል ለሁለት ዓመት ያልተገኙት ልጆች በየመንገዱ ኬላ ተከትበዋል። ቡድኑ ግን ከፍተሻ ወታደሮቹ ፈቀቅ ብሎ ጥላ ሥር ይቀመጥ፤ ከተፈታሹ በኋላ የሚገኝ የተለየ ቦታ ከሆነ ሰው ሁለቱን አያያይዛቸውም።

መስኮቱ ለአጭር ጊዜ ሲከፈት የተለመደውን የአራት ሳምንት ልዩነት አትጠብቁ። በዙሮች መካከል ያለውን ጊዜ ወደ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ማሳጠር ይቻላል። የመርፌውን ክትባት ከጠብታው ጋር አብሮ መስጠትም ይጠቅማል፤ ሙሉው 0.5 ሚሊ ሊትር በጡንቻ፣ የተከፋፈለው ደግሞ 0.1 ሚሊ ሊትር በቆዳ ውስጥ ነው። ክትባት ካጠረ ሁለተኛው መንገድ አንዱን ለአምስት ያደርሳል፣ ግን የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል።

ቁጥሩን መፈተሽ

ማታ ላይ የመጀመሪያው ሒሳብ ይህ ነው፦ ያለቁ ብልቃጦች ሲባዛ በ20 ከተከተቡት ልጆች ቁጥር በመጠኑ መብለጥ አለበት፤ የተፋ፣ የተበላሸ፣ የፈሰሰ ይኖራልና። ቁጥሩ እኩል ከሆነ ተጠራጠሩ፣ ልጆቹ ከዶዙ ከበለጡ ወረቀቱ ሐሰት ነው። በግጭት ቀጠና አንድም የቀረ፣ አንድም እምቢ ያለ ልጅ የሌለበት መዝገብ፣ ወይም በየቀኑ ተመሳሳይ ቁጥር የሚያመጣ ቡድን ካለ በማግሥቱ ሳይነገረው ይጎብኝ። ከዘመቻው በኋላ የሚደረገው ናሙና ምርመራ (60 ልጆች፣ ከስድስት ቦታ አሥር አሥር) ቡድኑን ያልቀጠረው ሰው ይሥራው፤ ጣት ከማየት በተጨማሪ እናቶችን «ሲሰጡት አይተሻል?» ብሎ ይጠይቅ። ጣቱ የተቀባ፣ እናቱ ግን «አልዋጠም» የምትለው ልጅ ከተገኘ ዝምተኛው እምቢታ እዚያ አለ ማለት ነው። ክትባት ሰጪዋን ከማባረራችሁ በፊት ምን እንዳስፈራት ጠይቋት።

ዘመቻው ካለቀ በኋላም እምቢ ባሉት ቤቶች ዙሪያ ዓይን ይኑራችሁ። ከ15 ዓመት በታች ሆኖ እጁ ወይም እግሩ በድንገት የዛለ ማንኛውም ልጅ ይመርመር፤ ሁለት የሰገራ ናሙና፣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ተራርቆ፣ ከጀመረው በ14 ቀን ውስጥ፣ በቅዝቃዜ ተይዞ በሦስት ቀን ላቦራቶሪ ይድረስ። ጤና ጣቢያ በሌለበት ይህን ልጅ ቀድሞ የሚያየው ወጌሻው ወይም ጸበል አጥማቂው፣ ሼኩ፣ እረኛው ነውና ስልክ ቁጥራችሁ እነሱ ጋ ይኑር። ክትባት እምቢ ያለ አባት ልጁ ሲዝል ሪፖርት ከማድረግ ወደኋላ የሚለው «አልነገርንህም ወይ?» መባልን ፈርቶ ነው፤ ናሙና የሚወስደው ሰው ያችን ዓረፍተ ነገር በፍጹም አይናገር። ውጤቱ ነጻ ቢሆንም እንኳ ለቤተሰቡ በአካል ይነገር፣ ልጁም ለእግሩ የሚረዳው ሕክምና የት እንደሚያገኝ ይታይለት።